«ኩሺቲክ» ስለሚባለው ቅጽል

በእንግሊዝ አገር «ኩሺቲክ» የሚለውን ቅጽል ከቋንቋ መርማሪ በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ በሆሣዕናና በዱራሜ ግን የተማረው ሁሉ ሲጠራው ይሰማል። መጠራቱ መልካም በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የቋንቋ ቅጽል መሆኑ እየተረሳ የደም ቅጽል አድርገው የሚናገሩት በዝተዋልና፥ ቃሉን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ሥሩ ኩሽ ነው፤ ይኸውም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ከካም ልጆች አስቀድሞ የተጠራው ነው። በስሙ ላይ ወገንን የሚያመለክት የግሪክ ቅጥያ ገባበት፤ በዚያም ላይ ሌላ የግሪክ ቅጥያ ታክሎ ቅጽል ሆነ። የግዕዝ ሰዋስው በአንዲት «ዊ» የሚፈጽመውን እንግሊዝኛው በሁለት ፈጸመው። ሰባው ሊቃናት ይህን ስም በምዕራፍ 10 እንዳለ ሲተዉት፥ በምዕራፍ 2 ግዮን የሚከብበውን የኩሽ ምድር ግን ኢትዮጵያ አሉት፤ ግዕዙም ተከተላቸው። ስለዚህ በአንዱ ትርጕም ኢትዮጵያ፥ በሌላው ኩሽ የሚያነብ ሰው ሁለት አገር አይምሰለው።

የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን ከመጽሐፍ ተዋሱ እንጂ የትውልዱን ሐረግ አልተከተሉም። ከነዓን የካም ልጅ ሲሆን የከነዓን ቋንቋ ሴማዊ ተብሏል። ሳባም በዚያው ምዕራፍ በኩሽም በሴምም ወገን ተጽፎ ይገኛል፤ የሳባ ጽሕፈት ግን ሴማዊ ነው። ሐዲይኛና ከምባትኛ ከሲዳምኛ፥ ከጌዴኦኛና ከቡርጅኛ ጋራ ባንድ የተቈጠሩት በግሳቸው አረባብና በመሠረታዊ ቃላቸው ስለ ተዛመዱ ነው፤ የማንም አያት አልተጠየቀም። ጎረቤታቸው ስልጥኛ ሴማዊ ነው፤ ገበያውና ጋብቻው ግን ይህን ድንበር አያውቀውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የወላይትኛ ነገር ነው። ይህ ቋንቋ ቀድሞ ከዘመዶቹ ጋራ «ምዕራብ ኩሺቲክ» ይባል ነበር። በ1969 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሃሮልድ ፍሌሚንግ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ራሱን የቻለ ክፍል ነው ብሎ ለየው፤ ዛሬ ኦሞቲክ ይባላል። እንግዲህ በዚያ ዓመት የወላይታ ሰው አያቶቹ ተለወጡበትን?

ስለ አጻጻፉ አንድ ቃል ልጨምር። «ሴሜቲክ» የሚለውን ሴማዊ ብለን ካቀናነው፥ ይህንንም ኩሻዊ ማለት አያቅተንም፤ በሁለት የባዕድ ቅጥያ የተጫነውን እንዳለ መሸከም ለጸሐፊ ስንፍና ነው። ሸ ከግዕዝ ፊደል አይቈጠርም የሚል ቢነሣ፥ የምንጽፈው ዐማርኛ ነው።