የጽጌረዳዋ ደራሲ ማነው?

አበባ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ለምረቃ፣ ለሠርግ፣ ለቀብር፣ አሁን አሁን ደግሞ ለፍቅረኞች ቀን? ጽጌረዳ ከነበረች ከዋጋዋ ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ለደራሲዋ ሳትደርስ አትቀርም። «የምን ደራሲ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የጽጌረዳዋ ነዋ! በየእርሻው የምታዩአት፣ ግንደ ረጅሟ፣ ራሰ ትልቋ ጽጌረዳ ከጫካ የመጣች አይደለችም። ሰው የደረሳት ናት። የደረሳትም ሰው ወይም ድርጅት በስሙ አስመዝግቦ «ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳያባዛት» ብሏል። አብቃዩ ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ዶላር ግድም ሮያሊቲ ይከፍላል። በአንድ ሄክታር 60,000 እና ከዚያ በላይ ተክል እንደሚቆም አስቡና ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነውና የደራሲነት ነገር ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ስለዚህ ጽጌረዳንም እንደ አንድ ድርሰት ሂስ ላደርጋት ነው።

መጀመሪያ ለደራሲው የሚገባውን እንስጠው። ሥራው ቀላል አይደለም። አዳቃዩ እናትና አባት ይመርጣል። የእናቲቱን እምቡጥ ሳይፈነዳ ይዞ መልካበባውን ይነቅላል፤ ራሷን በራሷ እንዳታዳቅል ወንዴውን ክፍል በመቆንጠጫ እየለቀመ ያወጣል፤ ከአባትየው የሰበሰበውን ብናኝ በትንሽ ብሩሽ ይቀባታል። ወራት ጠብቆ፣ ፍሬው ሲቀላ ዘሩን ያወጣል። ዘሩ ክረምት ያለፈበት እንዲመስለው ቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል፤ ከዚያ ይዘራል። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ሆነው አንዱ አንዱን አይመስልም። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ እሾኻም፣ አንዱ በሽታ የማይችል። ከአሥር ሺዎች ችግኝ ውስጥ ለገበያ የምትበቃ አንዲት ብትገኝ ነው። ከመጀመሪያው ብሩሽ እስከ ገበያ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር ዓመት ይሄዳል። ከእኛ አገር ደራስያን ስንቱ ነው አንድ መጽሐፍ ላይ አሥር ዓመት የሚቀመጥ?

የተመረጠችው ተክል ከዚያ በኋላ በዘር አትባዛም። በዘር ብትባዛ ልጆቿ ሌላ ይሆናሉ። እየተቆረጠች፣ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ እየተቀጠለች ነው የምትበዛው። ስለዚህ በዝዋይ መስታወትና ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለችውና በኬንያ ናይቫሻ ያለችው ያው አንዲት ተክል ናት፤ ሚሊዮን ጊዜ ተቀድታለች እንጂ። በማተሚያ ቤት ቋንቋ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ሚሊዮን ቅጂ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሂሴ ደግሞ ይኸውላችሁ። ዘመናዊዋ የገበያ ጽጌረዳ ግንዷ ረጅም ነው፤ በሣጥን ተደርድራ፣ በአውሮፕላን ተጭና፣ ሆላንድ ጨረታ ላይ ቆማ፣ ገዢዋ ቤት ደርሳ ደግሞ አሥር ቀን ትቆያለች። ግሩም ነው። አፍንጫችሁን ብታስጠጉ ግን አብዛኞቹ ምንም አይሸቱም። አዳቃዩ ለመንገድ የምትችለዋን ሲመርጥ፣ ሲመርጥ፣ ሽታዋ መንገድ ላይ ቀረ። ለተደራሲ ሳይሆን ለአከፋፋይ የተጻፈ ድርሰት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ስለ ስሟም ልንገራችሁ። የተመዘገበች ጽጌረዳ እንደኛ ሰው ሁለት ስም አላት፤ የክርስትናና የዓለም። የክርስትና ስሟ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ነው፤ ብዙ ጊዜ በአዳቃዩ ቤት ፊደላት ይጀምራል። የጀርመኑ ኮርደስ «ኮር»፣ ሌላው ጀርመናዊ ታንታው «ታን»፣ የፈረንሳዩ ሜያን ደግሞ «ሜይ» እያሉ ይጀምራሉ። ፊርማ በሉት። የዓለም ስሟ ገበያ የምትጠራበት ነው፤ እሱ እንደየአገሩ ይለዋወጣል። ፍራንሲስ ሜያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያዳቀላት ዝነኛዋ ቢጫ ጽጌረዳ ፈረንሳይ ውስጥ በእናቱ ስም «ማዳም ሜያን» ተባለች፤ ጣሊያን «ደስታ»፣ ጀርመን «ለእግዚአብሔር ክብር» አሏት፤ አሜሪካ በ1945 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል «ሰላም» ብላ ጠራቻት። አንዲት አበባ በአራት ስም። ባለቤቷ ግን አንድ።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ የመጀመሪያዋ ባለ ፓተንት ተክል ታሪክ ነው። አሜሪካ በ1930 (እ.ኤ.አ.) የዕፅዋት ፓተንት ሕግ አወጣች። በ1931 ቁጥር አንድ ሆና የተመዘገበችው «አዲስ ንጋት» የምትባል ሐረጋም ጽጌረዳ ነበረች፤ ፓተንቱን የወሰደው ሄንሪ ቦሰንበርግ የሚባል ሰው። ታዲያ ቦሰንበርግ አላዳቀላትም። ዶክተር ቫን ፍሊት የሚባል ሰው ካዳቀላት፣ በዓመት አንዴ ብቻ ከምታብብ ጽጌረዳ ላይ፣ ማንም ሳይነካት በራሷ ጊዜ ተለውጣ ደጋግማ የምታብብ ቅርንጫፍ ወጣች። ቦሰንበርግ አያት፣ ለያት፣ አባዛት። ቫን ፍሊት ያኔ በሕይወት አልነበረም። የመጀመሪያው የአበባ ደራሲ፣ በሕግ ፊት፣ የጻፈ ሳይሆን ያገኘ ሰው ነው ማለት ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እንዲያ ይላል። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ተፈርሞ በ1991 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የአዳቃዮች ስምምነትም አዳቃይ ሲል ያዳቀለውን ብቻ ሳይሆን አግኝቶ ያሻሻለውንም ነው።

አግኝቶ፣ ለይቶ፣ አባዝቶ! ይህን ሳነብ የታዩኝ የጎጃም ገበሬዎች ናቸው። አውድማ ላይ ዞማውን ለብቻ፣ ረጅሙን ለብቻ፣ ውርጭ የቻለውን ለብቻ እያለ ለከርሞ ዘር የሚያስቀር ሰው ምን ሲያደርግ ኖሯል? እንግዲያው መብቱ የት ሄደ?

የት እንደሄደ የአዋጁን መመዘኛ ስታዩ ይገባችኋል። አንድ ዝርያ በአዳቃይ ስም እንዲመዘገብ አራት ነገር ይጠየቃል፤ አዲስ መሆን፣ ከሌላው መለየት፣ እርስ በርሱ አንድ ዓይነት መሆን፣ ሲባዛም ሳይለወጥ መጽናት። እኛም አገር ሕጉ አለ። የእኛ የፓተንት አዋጅ (123/1987) የዕፅዋት ዝርያን ፓተንት አይሰጥበትም፤ በፈንታው በ1998 ዓ.ም. የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 1068 ተተካ። የመጀመሪያው የወጣው የአበባ እርሻ አገሩን ባጥለቀለቀበት ዘመን ነው፤ የውጭ አዳቃዮችም «ጥበቃ በሌለበት አገር ምርጥ ዝርያችንን አናስገባም» ይሉ ነበር። ደግነቱ አዋጁ ገበሬውን አልረሳም፤ ያስቀረውን ዘር እንዲጠቀም፣ እንዲለዋወጥ ፈቅዷል። እዚህ ላይ ነፍሳቸውን ይማርና የዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር እጅ ይታየኛል፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያወጣው፣ የገበሬውን መብት ከአዳቃዩ ጎን ያስቀመጠው ሞዴል ሕግ የእርሳቸው ትግል ውጤት ነበር።

ግን አራቱን መመዘኛዎች ይዛችሁ ወደ ሰርገኛ ጤፍ ሂዱ። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ ነጩም ቀዩም አብሮ ነው። ሦስተኛውን ፈተና ይወድቃል። በየዓመቱ እንደ ዝናቡ፣ እንደ መሬቱ፣ እንደ ሴትየዋ መራጭነት ትንሽ ትንሽ ይለወጣል፤ አራተኛውንም ይወድቃል። ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መደባለቁ ነው ኢንሹራንሱ። ዝናቡ ቢቀር አንዱ ይተርፋል።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። አንድ ዓይነትነትና መጽናት የማተሚያ ቤት መመዘኛዎች ናቸው። ሚሊዮን ቅጂ፣ አንድም ፊደል ያልተለወጠበት። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ብትሄዱ ተማሪው የሚመዘነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ነው፤ አዲስ ነው ወይ? ከሌላው የተለየ ነው ወይ? የሰው ቅኔ ሰርቆ የተቀኘ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል። የራሱንም ቢሆን የትናንቱን ዛሬ አይደግመውም። እንግዲህ ደራሲነትን አናውቅም የሚለን ካለ ይህን ይወቅ። ነውሩ መስረቅ ላይ ነው፤ ኪራይ ግን የለውም። የኔታ «በእኔ የቅኔ መንገድ ስለተቀኘህ በዓመት ይህን ያህል አምጣ» አይሉም። እነዚህ ሁለት የደራሲነት ሕጎች ሳይተዋወቁ አንድ አገር ውስጥ ይኖራሉ። አዋጁ የጻፈው አንዱን ብቻ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የእህቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ትኖራለች፤ ግብርና ተምራ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። በከተማው የሠርግ አዳራሽ ሁሉ ፕላስቲክ ጽጌረዳ መሰቀሉ አበሳጫትና ግቢዋ ውስጥ እውነተኛ ጽጌረዳ ተከለች። ዘንጉን ያገኘችው አንድ ሰው ከአበባ እርሻ ከተገረዘ ቁራጭ ያመጣላት ነው። አርባ ያህሉ ጸደቀላት። ባለፈው ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ባለቤት አላት ይሉኛል፤ እኔ ሌባ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ።

እንዳነበብኩት መለስኩላት። የአዳቃይ መብት በየአገሩ ነው የሚቆመው። ዝርያዋ እኛ አገር ካልተመዘገበች እዚህ ባለመብት የላትም። ከተመዘገበች ግን ለግቢሽ ማስጌጫ ብትተክያት ማንም አይጠይቅሽም፤ ችግኝ አባዝተሽ ብትሸጪ ይጠይቁሻል። አበባዋን አውሮፓ ልላክ ብትይ ደግሞ የባሰ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያለ ፈቃድ ከተባዛ ተክል የተቆረጠውን አበባ ሳይቀር ሊያስቆም ይችላል። ልጅቱ ሳቀች። «እኔ እንኳን አውሮፓ፣ ቡሬም አልደረስኩ» አለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም እንደ ቁምነገር ብታድግ፣ መስኖ ብታገኝ፣ አሥር ልጆች ብትቀጥር፣ የምታድገው በተከራየችው ነገር ላይ ነው። አጋም የተጠጋ ቁልቋል የሚሉት አይነት ነው።

ለዚህ ነው ኡኡታው ላይ ብቻ መቆማችን የማይጥመኝ። የጤፍን ነገር ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከእኛው መሥሪያ ቤት ጋር የተዋዋለው የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ፓተንት ያዘ፤ ኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት «ፈጠራ የለበትም» ብሎ ሰረዘው። ጮቤ ረገጥን። ሲሰርዙልን መደሰት ጥሩ ነው። የሚያስመዘግበው ግን አሁንም እነሱ ዘንድ ነው።

ከእኛ ደጅ ምን እንደሄደ ላስታውሳችሁ። በየሆላንዱ የአበባ ሱቅ በርካሽ የሚሸጥ፣ ነጭ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ፣ ሽታው ልብ የሚያጠፋ አበባ አለ፤ ፈረንጆቹ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ይሉታል። በምዕራብ ሳይንስ የዛሬ ስሙ ሙሪየሌ ነው፤ በአንድ የእንግሊዝ ቆንስል ሚስት ስም። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉባት እንሶስላም እንግሊዝ አገር የግቢ ጌጥ ሆናለች። እኛ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን ሙሉ ዘመነ ጽጌ ብለን ለአበባ ማኅሌት የምንቆም ሕዝብ፣ አንዲት የጌጥ አበባ አዳቅለን በራሳችን ስም ገበያ አላወጣንም። ለእኔ ከፓተንቱ በላይ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ሊበን ገጠር ከገባችሁ በየአጥሩ ቀጋ አለች። ነጭ፣ ሽታዋ የሚጣፍጥ፣ እረኛ ፍሬዋን የሚበላት። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብቸኛዋ የዱር ጽጌረዳ ናት። ያቺ መንገድ ላይ የቀረችው ሽታ እዚህ አጥር ላይ ቆማለች ማለት ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ እግሯ ሥር ነው ያለው። አንድ መምህር፣ ሁለት ተማሪ፣ መቆንጠጫና ብሩሽ፤ ገንዘቡ አንድ ወርክሾፕ የሚፈጀውን አያህልም። የሚከብደው አሥር ዓመት መታገሡ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ነው፤ በአራተኛው ባነሩ ይጠቀለላል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነግሬያት ነበር። በወሩ ስደውል ቀጋ ለቅማ፣ ዘሩን አውጥታ፣ በእርጥብ አሸዋ ጠቅልላ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለች። ሁለት ወር ይፈልጋል። ጎረቤቲቱ ግን «ለፋሲካ ሥጋ የማስቀምጥበት ነው፤ እስከዚያ ብቻ» ብላታለች።