አባቶች የከፈሉበት ጠለፋ

ኒውዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ መቶ ሃምሳ ሰው ያህል ብቻ የሚይዝ ቲያትር ቤት ነበር። እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. በሜይ 1960 «ዘ ፋንታስቲክስ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ተከፈተ፤ የተዘጋው በጃንዋሪ 2002 ነው። 17,162 ጊዜ ታየ። ተውኔቱ በተከፈተበት ማታ የተወለደ ሕፃን፣ መጋረጃው ሲዘጋ ልጁን ለመዳር ሽር ጉድ የሚልበት ዕድሜ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው በሀብት እንዳይመስላችሁ። ለመድረክ ቁሳቁሱ 900 ዶላር፣ ለአልባሳቱ 541 ዶላር ነው የወጣው። ሙዚቃው ፒያኖና ሃርፕ፣ ጨረቃዋ ካርቶን፣ ግንቡ ደግሞ ዱላ ይዞ የሚቆም አንድ የማይናገር ተዋናይ! (በጀት አነሰን እያልን ለምናለቅስ ሁሉ መልካም ዜና ነው።) ድርሰቱንና የዘፈን ግጥሙን ቶም ጆንስ፣ ዜማውን ሃርቪ ሽሚት ሠሩት። መነሻቸው ፈረንሳዊው ኤድሞን ሮስታን በ1894 ያቀረበው ኮሜዲ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤታም አባቶች ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ይፈልጋሉ። ግን ልጅ «ተው» ያሉትን እንጂ «አድርግ» ያሉትን እንደማያደርግ ያውቃሉ። ስለዚህ የተጣሉ መስለው በመካከላቸው ግንብ ያቆማሉ። ልጆቹም እንደታሰበው በግንቡ ላይ ተንጠልጥለው በፍቅር ይከንፋሉ። እኛ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላደግን ሰዎች ይህ የዓለም መገልበጥ ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለየው ግንብ የእውነት ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ ጠብ አላስመሰሉም። እዚህ ግን መሰናክሉ ራሱ የድግሱ አካል ነው።

ታዲያ የውሸቱ ጠብ እንዴት ይብረድ? አባቶቹ ኤል ጋዮ የሚባል ሰው በገንዘብ ይቀጥራሉ። እሱ ልጅቱን ሉዊዛን ይጠልፋል፣ ማት ደርሶ ያስጥላታል፣ ጀግና ይሆናል፣ ቤተሰብም ይታረቃል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ተውኔቱን ከተማሪዎቼ ጋር እናነብ ነበር። ኤል ጋዮ የጠለፋ ዓይነቶችን እንደ ምግብ ቤት ሜኑ ለአባቶቹ የሚዘረዝርበት ዘፈን አለ፤ እንደ ኪስህ ነው። ዘፈኑ የሚደጋግማት ቃል በዛሬው እንግሊዝኛ አስገድዶ መድፈር ማለት ናት። ጆንስ የተጠቀመባት «ነጥቆ መውሰድ» በሚለው ጥንታዊ ትርጉሟ ነው፤ ይህም እዚያው ተውኔቱ ውስጥ ይነገራል። ወንዶቹ ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን «መምህር፣ እኛ አገር እኮ ይሄው ነው፤ ይጠልፋሉ፣ ሽማግሌ ይልካሉ፣ አባቶች ይታረቃሉ» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልጅቷ ሒስ ነው የሰጠችው፤ ያውም ከብዙ የታተመ ሒስ የሚሻል። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት አይከሰስም ይል ነበር። ያ ነገር የቀረው የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ሲመጣ ነው። እናም ጆንስ የፈረንሳይ ኮሜዲ እያሰበ የጻፈው፣ ለእሷ ከመንደሯ የምታውቀው ነገር ነበር።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ማንም አልተጎዳም» የሚል ይኖራል። እኛም ዘንድ በስምምነት የሚደረግ ጠለፋ አለ፤ የሠርግ ወጪ ሽሽት፣ ወይም ወላጅ እንቢ ሲል። ልክ ነው። ግን እዚያ ልጅቱ ታውቃለች። ሉዊዛ አታውቅም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ የሚያውቁት ከፋዮቹና ተከፋዩ ናቸው።

እኔን የሚያናድደኝ ተውኔቱ ሞኝ ቢሆን ኖሮ በተውኩት ነበር። ሞኝ አይደለም። ሁለተኛው ገቢር ጉድ ነው። ጨረቃዋ ሄዳ ፀሐይ ትወጣለች፤ በጨረቃ ያማረው ሁሉ ይገረጣል። ልጆቹ እርስ በርስ ይሰለቻቻሉ፣ የአባቶቹ ሤራ ይጋለጣል፣ የውሸቱ ጠብ የምር ይሆናል። ማት ዓለምን ላይ ብሎ ይሄድና ተደብድቦ ይመለሳል። ሉዊዛ ደግሞ ዓለምን አሳይሻለሁ ያላትን ኤል ጋዮን አምና የአንገት ሐብሏን ትሰጠዋለች፤ ጓዟን ልታመጣ ስትገባ ጥሏት ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጭንብል ይሰጣታል። በጭንብሉ ስታይ የማት ስቃይ ጭፈራ ይመስላታል፤ ስታወልቀው ትደነግጣለች፤ መልሳ ታጠልቀዋለች። ሠላሳ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ሥነ ጥበብ በሰው ሥቃይ ላይ እንዴት ጌጥ እንደሚለብጥ እንደዚህች ትዕይንት ባጭሩ ያሳየኝ ጥቂት ነው። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ገቢር የጠለፋ ዘፈን ያንኑ ጭንብል ለተመልካች ያጠልቃል፣ ግን ማንም መጥቶ አያወልቅለትም። ተውኔቱ ለሉዊዛ ያስተማረውን ለራሱ ረሳው።

ጆንስ የሰማ ይመስለኛል። ከጊዜ በኋላ ቃሏን የሚተካ ሌላ ዘፈን ጽፏል። ተውኔቱም እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ኒውዮርክ ተመልሶ እስከ 2017 ቆይቷል። ሽሚት በ2018፣ ጆንስ በ2023 አርፈዋል። ቃል መቀየሩ ጥሩ ነው፤ ጆሮን ያሳርፋል። ሒሳቡ ግን ያው ነው፤ ሁለት አባቶች፣ አንድ ቅጥረኛ፣ ያልተጠየቀች ልጅ።

ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ዱላ ይበቃዋል። እኔ አዘጋጅ ብሆን ግን የጠለፋውን ዘፈን አላወጣውም። ሉዊዛን እዚያው መድረኩ ጥግ አስቀምጬ፣ አባቶቿ በዋጋ ሲከራከሩ እንድትሰማ አደርጋለሁ።