መስታወቱና ተዳፋቱ፦ ስለ ሆሊን ሂልስ

ስለ ሆሊን ሂልስ የሚጻፈው አድናቆት አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወቱ አያልፍም። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1971 የተሠራው ይህ መንደር 450 ገደማ ቤቶች አሉት። ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን ሁሌም ያው ከወለል እስከ ጣሪያ የተዘረጋው የመስታወት ግድግዳ ነው። በእኔ እምነት ቁም ነገሩ ያለው ከመስታወቱ ማዶ ነው።

መሬቱ ኮረብታማና ደን የለበሰ ነበር። ሌላ አልሚ ቢያገኘው መንጥሮና ደልድሎ በረድፍ በረድፍ በሸነሸነው ነበር። አልሚው ሮበርት ዳቬንፖርትና አርክቴክቱ ቻርልስ ጉድማን ግን ዳገቱን እንዳለ ተቀበሉት። ቤቶቹ ለመንገዱ ፊታቸውን አይሰጡም፤ እያንዳንዱ ተዳፋቱን ተከትሎ ዘወር ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ የአንዱ ሳሎን የሚያየው የጎረቤቱን መስኮት ሳይሆን ዛፉን ነው። አትክልቱን የነደፉት ሉ በርናርድ ቮይት፣ በኋላም ዳን ካይሊ፣ የአንዱ ግቢ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር እንዳይለይ አድርገው ሠሩት። በግንብ አጥርና በብረት በር ውስጥ ላደግን ለእኛ በመስታወት ቤት ያለ አጥር መኖር እብደት ሊመስለን ይችላል። እዚህ ግን ገመና ሸፋኙ የቤቱ አቀማመጥ ነው።

ጉድማን ቀደም ብሎ፣ በ1941 የተከፈተውን የዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት ተርሚናል ነድፏል፤ የዲሲ ታክሲ ነጂዎቻችን አሳምረው ያውቁታል። የዚያ ሕንጻ ዓምዶች የጆርጅ ዋሽንግተንን መኖሪያ ማውንት ቬርነንን ለማስታወስ የቆሙ ናቸው። ሆሊን ሂልስ ለማውንት ቬርነን እጅግ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ጉድማን እዚህ ያንን የዓምድ ጌጥ እርግፍ አድርጎ ተወው። ወጪ ለመቀነስም አንድ ዓይነት ልክ ያላቸውን የመስኮት ፍሬሞች ደጋግሞ ተጠቀመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን በመደዳ የደረደረው፣ ሌቪታውን የተባለው የአሜሪካ ሰፈርም የቆመው በመደጋገም ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ግን የቤቶቹ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ሰፈርን አሰልቺ የሚያደርገው መደጋገሙ ነው የሚለውን የተለመደ ትችት አልቀበለውም።

ሰፈሩ በ2013 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ። ይህ ክብር እንጂ ባለቤቱን የሚያስር ግዴታ አይደለም። በ2022 ግን ሰፈሩ የሚገኝበት ፌርፋክስ ካውንቲ ታሪካዊ ክልል ብሎ ስለከለለው የቤቶቹን ውጫዊ ገጽታ መለወጥ የሕንጻ ገምጋሚ ቦርድ ይሁንታ የሚጠይቅ ሆነ። ከነዋሪው የተቃወመም የደገፈም ነበር። እኔ የምደግፈው በስጋት ነው፤ ማመልከቻ የሚቀርበው ቤት በቤት ሲሆን ውበቱ ግን ያለው በቤቶቹ መካከል ነው። ለብቻው ሲታይ እንከን የማይወጣለት ማስፋፊያ የሦስት ጎረቤቶችን እይታ ሊዘጋ ይችላል። በአንጻሩ ብርድ የሚያስገባውን ስስ መስታወት በድርብ መስታወት ቀይሮ ፍሬሙን ያወፈረ ባለቤት በወግ አጥባቂዎች ዘንድ ጥፋተኛ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ፍቀድ ብባል ያለማመንታት ወፍራሙን ፍሬም እፈቅዳለሁ።