ለድምፃዊ የሚሆን ማይክራፎን፦ ለቤት ስቱዲዮ የተሻለውን ስለ መምረጥ

የቤት ስቱዲዮ የመጀመሪያ ማይክራፎን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከመድረክ ሥራ የተረፈ እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያለ ዳይናሚክ፣ ወይም እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤ ቲ 2020 ያለ ዋጋው ቀለል ያለ ኮንደንሰር። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። ኤስ ኤም 58 እ.ኤ.አ. በ1966 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ እስከ ዛሬ በየመድረኩ ይዘፈንበታል። ስለዚህ የተሻለ ማይክራፎን ፍለጋ ከመውጣት በፊት፣ በቀረጻው ላይ የሚሰማው ጉድለት ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል።

ድምፃዊው ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ከመሰለ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል የሚሰነጠቅ ከሆነ ጌይኑ በዝቷል። ዝም በተባለበት ቦታ ሁሉ የማያቋርጥ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ካለ፣ ከማይክራፎኑ ወይም ከፕሪአምፑ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ ማይክራፎን ሌላ ኢንተርፌስ ላይ ሰክቶ ማዳመጥ ይለየዋል። ጆሮ የሚወጋ ፉጨት «ሰ» እና «ሸ» በመጡ ቁጥር የሚከተል ከሆነ፣ ወይም ድምፁ ምንም ቢደረግ ደንዝዞ የቃላቱ ጠርዝ የማይሰማ ከሆነ፣ ያኔ ማይክራፎኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የክፍሉ ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል፤ ኮንደንሰር በተሻለ ቁጥር ክፍሉንም አብልጦ ያሰማልና። የሲሚንቶ ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስኮት ያለው ሳሎን ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ በክረምት ቀረጻን ጨርሶ ያስቆማል። ድምፃዊው ከማይክራፎኑ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን እምብዛም አይቀንስም። በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደህና የነበረ ቀረጻ በ60 ሳንቲ ሜትር ሳሎኑን ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው። ብዙዎች ብርድ ልብስና ፍራሽ የሚደረድሩት ከማይክራፎኑ ጀርባ ነው። ለድምፃዊ የሚሆን ማይክራፎን ግን በአብዛኛው ካርዲዮይድ ነው፤ የፊቱን ይሰማል፣ የጀርባውን ይተዋል። ከፊቱ ያሉት ደግሞ ድምፃዊውና ከድምፃዊው ኋላ ያለው ግድግዳ ናቸው። ብርድ ልብሱ መሰቀል ያለበት እዚያ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ነው። በልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን ከፍቶ ጀርባን ለእሱ ሰጥቶ መዝፈን ግድግዳ ሙሉ ስስ ስፖንጅ ከመለጠፍ ይሻላል፤ ስስ ስፖንጅ የሚመጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ወፍራሙ እንዳለ ይቀርና ክፍሉ የታፈነ ይሆናል።

ዳይናሚክና ኮንደንሰር ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡበት መንገድ ይለያያል። በዳይናሚክ ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን ከሽቦ ጥቅል ጋር ተያይዞ በማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል። ጥቅሉ ክብደት ስላለው ፈጣኑንና ቀጭኑን ድምፅ እንደ ኮንደንሰር አይከተልም፤ ነገር ግን መውደቅንም እርጥበትንም ይችላል። በኮንደንሰር ውስጥ እጅግ ስስ ሽፋን ኤሌክትሪክ ከተሞላ ሳህን ፊት ለፊት ይርገበገባል። ስልቱን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1916 ኢ. ሲ. ዌንት ሲሆን፣ በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ1928 የተቋቋመው የጌዎርግ ኖይማን ድርጅት በብዛት አመረተው። ኮንደንሰር ከውጭ ኃይል ይፈልጋል፤ ዛሬ በየኢንተርፌሱ ላይ ያለው የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር መነሻው ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1966 ለኖርዌይ ብሔራዊ ራዲዮ ያቀረበው ማይክራፎን ነው። 48 ቮልት የተመረጠው ጣቢያው ያንን ኃይል ለአደጋ ጊዜ መብራት ቀድሞ ስለዘረጋው ነበር። ሦስተኛው ዓይነት ሪበን ለሹል ድምፅ ይስማማል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይጎዳል፣ ለቤት ስቱዲዮ የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ዳይናሚክ ሁልጊዜ ከኮንደንሰር ያንሳል የሚለው አመለካከት ልክ አይደለም። የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊድየን እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ትሪለር» አልበም የማይክል ጃክሰንን ድምፅ ሲቀርጽ የተጠቀመው ሹር ኤስ ኤም 7 ዳይናሚክ ነው። የእሱ ተከታይ የሆነው ኤስ ኤም 7 ቢ ዛሬም በየቤት ስቱዲዮው ይፈለጋል፤ ብዙ ገዢዎች ሳያውቁት የሚገቡበት ወጪ ግን አለው። በአንድ ዓይነት የድምፅ ግፊት ኤስ ኤም 7 ቢ 1.12 ሚሊ ቮልት ሲሰጥ የኖይማን ቲ ኤል ኤም 103 ደግሞ 23 ሚሊ ቮልት ይሰጣል፤ ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ኤስ ኤም 7 ቢ 60 ዴሲቤል ያህል ንጹሕ ጌይን ይፈልጋል። ርካሽ ኢንተርፌስ ይህን ሲሰጥ የራሱን ሹክሹክታ አብሮ ያነሳል፤ ከዚያም በማይክራፎኑና በኢንተርፌሱ መሃል ተጨማሪ ማጉያ መግዛት ይመጣል። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ማጉያውን በውስጡ የያዘውን ኤስ ኤም 7 ዲ ቢ ያወጣው ይህን ችግር አይቶ ነው። የኤሌክትሮ ቮይስ አር ኢ 20 ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ካርዲዮይድ ማይክራፎን አፍ በተጠጋው ቁጥር ድምፅን ያወፍራል፤ አር ኢ 20 ይህን እንዲቀንስ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ እየዘፈነ ለሚወዛወዝና ርቀት ለማይጠብቅ ሰው ይመቻል።

በካርቶን ላይ ከሚታተሙት ቁጥሮች ውስጥ ትንሾቹ ብቻ ይጠቅማሉ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ምንም አይነግርም፤ የትኛው ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚያሳየው የተሰመረው ኩርባ ነው። የሚሸከመው ከፍተኛ የድምፅ ግፊትም ለድምፃዊ ብዙም አያሳስብም። ቀረርቶና ሽለላ የሚቀርጽ ሰው እንኳ ቀድሞ የሚሰነጠቅበት ፕሪአምፑ እንጂ ማይክራፎኑ አይደለም። የማይክራፎኑ የራሱ ጫጫታ ግን መታየት አለበት። የኤ ቲ 2020 ጫጫታ 20 ዴሲቤል፣ የቲ ኤል ኤም 103 ጫጫታ 7 ዴሲቤል፣ የሮድ ኤን ቲ 1 ደግሞ 4.5 ዴሲቤል ነው። ለእንጉርጉሮና በለሆሳስ ለሚነገር ትረካ ይህ ልዩነት ይሰማል። ይሁን እንጂ ዝነኛው ኖይማን ዩ 87 የ12 ዴሲቤል ያህል ጫጫታ አለው፤ በቁጥሩ ብቻ ቢፈረድ በብዙ እጥፍ የሚረክስ ማይክራፎን ይበልጠው ነበር።

ጆሮን በብዛት የሚያታልለው የድምፅ ማብረቅረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለወጣው የኖይማን ዩ 67 ማይክራፎን የተሠራው ኬ 67 የተባለ ካፕሱል በተፈጥሮው ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ የኖይማን መሐንዲሶች ከኋላ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ያን ጉልበት መልሰው ያረጋጉታል። ብዙ ርካሽ ኮንደንሰሮች የካፕሱሉን ቅርጽ ገልብጠው ማረጋጊያውን ትተውታል። ውጤቱ በመጀመሪያ ሲሰማ «ጥርት ያለ»፣ «ዘመናዊ» የሚያሰኝ ድምፅ ነው። ኮምፕሬሰር ሲጨመርበትና ከኪቦርድና ከክራር ጋር ሲዋሐድ ግን «ሰ» እና «ጸ» ከዘፈኑ ተነጥለው ይወጣሉ፤ ደጋግሞ የሚያዳምጥ ሰውም ምክንያቱን ሳያውቅ ይደክመዋል። ጥሩ ማይክራፎን በመጀመሪያው ደቂቃ ይህን ያህል አያስደንቅም፤ ከብዙ ሰዓት ሥራ በኋላም አያሰለችም። ባለሙያና ጀማሪ የሚለያዩት በዚህ ነው።

ለፈተናው አማርኛ ራሱ መልካም መሣሪያ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሠሩ የማይክራፎን ግምገማዎች «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» እና «ቀ» ላይ ምን እንደሚሆን አያሳዩም፤ እንግሊዝኛ እነዚህን ድምፆች አይጠቀምባቸውምና። እነዚህ አጭርና ሹል ሆነው ይፈነዳሉ። ደካማ ማይክራፎን ወይ ያደነዝዛቸዋል ወይ ጠቅታ ያስመስላቸዋል። «ቁጭ ብሎ ጠጅ ጠጣ» ማለት ብቻ ብዙ ያሳያል። «ስስ ሻሽ ሸሸገች» ፉጨቱን፣ «ፖስታ ቤት በር» ደግሞ የትንፋሽ ምቱን ይፈትናል፤ የኋለኛው ፖፕ ፊልተር ተደርጎም ሳይደረግም ቢሰማ ይመረጣል።

ሁለት ማይክራፎን ሲወዳደር ርቀቱ እኩል፣ ድምፃዊው አንድ፣ ስንኙም አንድ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ የሁለቱ ቀረጻ ድምፅ እኩል ከፍታ ላይ መድረስ አለበት፤ በ1 ዴሲቤል የበለጠው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ፋይሎቹን ሌላ ሰው ስማቸውን ቀይሮ ቢሰጥ ጆሮ ከዋጋና ከስም ነጻ ይሆናል። ማዳመጥም በማግስቱ፣ ለብቻም ከሙዚቃው ጋርም ነው። በዚያ ጊዜ የሚጤነው የቃል መጨረሻ፣ ትንፋሽ፣ ዝቅ ያለው ቅላጼና ድምፃዊው አንገቱን ወደ ጎን ባዞረበት ቅጽበት የተፈጠረው ለውጥ ነው። ርካሽ ማይክራፎን ከጎን ሲዘፈንበት ባሕርዩ ይቀየራል፤ የተሻለው ግን ድምፁ ይቀንስ እንጂ ያው ሰው መሆኑ አይጠፋም።

በመጨረሻ የሚፈርደው የድምፃዊው ጉሮሮ ነው። ቲ ኤል ኤም 103 ከ5,000 ኸርዝ በላይ 4 ዴሲቤል ያህል ስለሚያጎላ ለወፍራምና ለጭጋጋማ ድምፅ ብርሃን ይሰጣል፤ ቀጭንና ሹል ድምፅ ላለው ግን ጉዳቱ ያመዝናል፣ ለእሱ ጥሩ ዳይናሚክ ይሻላል። የኤ ኬ ጂ ሲ 414 የድምፅ መቀበያ አቅጣጫውን መቀያየር ስለሚችል፣ ድምፃዊ፣ መሰንቆና ጊታር በአንድ ክፍል ለሚቀርጽ ሰው ዋጋውን ይመልሳል።

ግዢው ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጥቂት ነው። ኤስ ኤም 58 በብዛት ተመሳስሎ ይሠራል፤ እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፣ የቀለለ ሲገኝ መጠርጠር ነው። ያገለገለ ኮንደንሰር ፋንተም ፓወር ተከፍቶ ለረጅም ደቂቃ ይደመጥ፤ እርጥበት የገባው ካፕሱል አልፎ አልፎ ይንጫጫል። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት የሚመጣ ባለ ቱቦ ማይክራፎን የራሱ የኃይል ሣጥን ስላለው፣ ሣጥኑ ከ110 ወደ 220 ቮልት መዞሩ ሳይታይ ሶኬት ላይ አይሰካ። ጥሩ ፖፕ ፊልተር፣ የማይወዛወዝ ስታንድና ጤናማ ኬብልም ከበጀቱ ውስጥ ቦታቸው ሊጠበቅ ይገባል።

ክፍሉ ላልተስተካከለ ቤት ኤስ ኤም 7 ቢ ወይም አር ኢ 20 ከበቂ ጌይን ጋር፣ በብርድ ልብስና በቁም ሣጥን ለተረጋጋ ክፍልና መጠነኛ በጀት ኤን ቲ 1፣ ክፍሉም ጆሮውም ለተዘጋጀ ሰው ደግሞ ቲ ኤል ኤም 103 ወይም ሲ 414 ይመረጣል። ከዚህ በላይ ያለውን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ገንዘቡን ለክፍሉ ያውል።