መጀመሪያ ከስር ይመልከቱ

ስለታደሰች ላንድሮቨር የሚደውልልኝ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀኝ ፎቶ ነው። እልካለሁ። ግን የምልከው የሻንሲዋን ፎቶ ነው፤ የተበየደበትን፣ የተቀየረበትንና ሳይነካ የቀረበትን አንድ በአንድ። ቀለሟን ማየት የፈለገ ዲላ ድረስ ይምጣ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሰው ደግሞ ቆሞ አይመለስም፤ ካርቶን አነጥፍለትና ከስሯ ይገባል።

አንድ በዕድሜ የገፉ የቡና ነጋዴ ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ "እስቲ የመጨረሻውን ንገረኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ከስር ይዩልኝ፤ ዋጋውን ቡና እየጠጣን እንነጋገራለን" አልኳቸው። ጋቢያቸውን ለሾፌራቸው ሰጥተው ገቡ፤ የዝገት መፈተሻውን መዶሻም ራሳቸው ያዙ። እንዲህ ዓይነት ገዢ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል።

ለምን ከስር? ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ እንግሊዝ ከጦርነት የወጣች፣ ብረት በራሽን የሚታደልባት አገር ነበረች። ስለዚህ አካሏ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ሸክሙን የሚችለው ሻንሲ ግን ብረት ሆነ። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ እንደ ሣጥን የተዘጋ ብረት ነው። ከይርጋጨፌ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችውን ኮንጋን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ይገምታል። በእንሰትና በጥላ ዛፍ መሀል የሚወጣው መንገድ በዝናብ ወቅት ቀይ ጭቃ ነው። ቡና ወደ መፈልፈያ ስታመላልስ የኖረች መኪና ያን ጭቃ በሻንሲዋ ቀዳዳዎች አስገብታ ትይዘዋለች። ጭቃው ተጋግሮ እርጥበት ያቁራል፣ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ሲያዩዋት ደህና ናት፤ መዶሻ ነካ ሲያደርጓት ግን ትበሳለች። አሉሚኒየምና ብረት በብሎን የተያያዙበት ቦታም አይታመንም፤ እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። በር ስትገዙ የታችኛውን ጠርዝ በጣት ዳብሱ።

ስለ ስቱኮም ልናገር። የብረት አካል ያላት መኪና የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ተለብጧል ማለት ነው። ላንድሮቨር ላይ ግን ማግኔት አይሠራም፣ አሉሚኒየም አይይዝማ። ስለዚህ ማታለል የፈለገ ሰው ጎድጓዳውን ሁሉ በስቱኮ ሞልቶ፣ አሸት አሸት አድርጎ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም ይሸፍነዋል። ፍቱን ዘዴው ጣትን አጥፎ ማንኳኳት ነው፤ ቆርቆሮው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ስቱኮው ድፍን ያለ። እኔ ሻጭ ሆኜ ይህን ለገዢው አስተምራለሁ። የራሴን ሥራ በዚያው ጆሮ እንዲመዝነው ነው የምፈልገው።

አብሮኝ የሚሠራው ባትላሜራ አሉሚኒየም ሲያቃና ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የተጎዳውን ቦታ በሳሙና ይቀባል፣ ከጀርባ በእሳት ያሞቀዋል፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ያነሣል። ያኔ ቆርቆሮው ለስልሷል። እሳቱን ትንሽ ቢያቆየው ይቀልጣል፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ከዚያ በእንጨት መዶሻ በትዕግሥት ይመለሳል። የቡና ጆንያ ለዓመታት የደበደበውን የኋላ ስፖንዳ ግን አላስነካም። ያ የመኪናዋ የሥራ ታሪክ ነው፤ አዲስ ማስመሰሉ ዋጋዋን የሚጨምር መስሎ የሚታየው ለደላላ ብቻ ነው።

ደላላ "ያልተነካች ኦሪጅናል" ሲል ሰምቼ ዝም አልልም። እዚህ አካባቢ ካሉት ብዙዎቹ ሞተራቸው ተቀይሯል። 2,286 ሲሲ የነበረው የቤንዚን ሞተር ወጥቶ የጃፓን ናፍጣ ገብቷል። ነውር አይደለም፤ መኪናዋ ሥራ ላይ የቆየችው በዚያ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ገዢ አለ፣ ሁለት ዓይነት ዋጋም አለ። ዳገት የሚወጣባት ናፍጣውን ይወዳል፤ እንደ ቅርስ የሚይዛት የመጀመሪያውን ሞተር ይፈልጋል። የትኛዋን እየሸጥኩ እንደሆነ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። አውጥቼ የቀየርኩትን ዕቃ ሁሉ በጆንያ አስቀምጬ አብሬ አስረክባለሁ። ከሶማሌ ተራ የገዛሁትንም፣ እዚሁ ዲላ በቶርኖ ያስቀረጽኩትንም በወረቀት እጽፋለሁ።

ዋጋው ራሱ ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን ማስመጣት ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በዚህ ምክንያት ተወደደ። ግን ለተወደደው መኪና ሳይሆን ለተሠራው ሥራ ነው ሒሳብ የማቀርበው።

ከዋጋው በፊት ሙከራው ይቀድማል፤ ሙከራውም አስፋልት ላይ አያልቅም። ኮንጋ ዳገት እንወጣለን። ከእ.ኤ.አ. 1971 በፊት የተሠሩት አንደኛና ሁለተኛ ማርሻቸው ያለ ሁለት ፍሪሲዮን በሰላም አይገባም። ገዢው እስኪለምደው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቢጫው ማንሻ አራቱን ጎማ፣ ቀዩ ዝቅተኛውን ማርሽ እንደሚያስገባ አሳየዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ አራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን እንደሆነ፣ እንደ ዛሬ መኪና ቀጥ ብላ እንደማትቆምለት በግልጽ እነግረዋለሁ። በዚህ የደነገጠ ሰው ባይገዛ ይሻላል፤ ለእሱም ለመንገደኛውም።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው፤ ስንት ሽያጭ የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል፣ የፊት ባሌስትራ በሚታሰርበት የሻንሲ ጫፍ ላይ ነው። ቶሎ የሚበሰብሰውም ያው ጫፍ ነው። ያልገባው በያጅ ቆርጦ ይጥለውና በአዲስ ብረት ይተካዋል፤ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምርመራ ላይ ሊብሬውና መኪናዋ አይገናኙም። ሞተር ሲቀየርም ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ያው ነው።

ኮንጋም ይሁን ዲላ፣ ይርጋጨፌም ይሁን ቡሌ፣ በግቢዎ የአባትዎ ላንድሮቨር ቆማ ከሆነ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ሊብሬዋን ከሣጥን ያውጡ፤ የቀኙን የፊት ሻንሲ ጫፍ በብሩሽ ጠርገው ቁጥሩን ያመሳክሩ። ሁለቱ ከተገናኙ የቀረው ብልሽት ሁሉ ይሠራል።