ስለ «የወንዝ ከተማ» አጭር ሂስ

አሜሪካዊው ፒተር ሄስለር እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. የሰላም ጓድ መምህር ሆኖ ወደ ቻይና ሄደ፤ ያንግትዜና ዉ የተባሉት ወንዞች በሚገናኙባት በፉሊንግም ሁለት ዓመት አስተማረ። በ2001 ያሳተመው «የወንዝ ከተማ» የዚሁ ኑሮ ታሪክ ነው።

መጽሐፉን በተለይ የምናመሰግነው ደራሲው ራሱን ዝቅ አድርጎ ስላሳየ ነው። በክፍል ሼክስፒርን ሲያስተምር የዋለው ሰው፥ ከክፍል ውጭ በቻይንኛ አስተማሪዎቹ ፊት ቃል እየተሳሳተ ይታረማል። እርማቱ መጀመሪያ ያስመርረዋል፤ ኋላ ግን መከባበርን ያመጣል። በመንገድ ላይ እንደ ትርኢት ከብቦ ያየው የነበረው ሕዝብም፥ ቋንቋውን ሲለምድ የሚያጫውተው ሰው ይሆንለታል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። የተማሪዎቹን አሳብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ለእርሱ በእንግሊዝኛ ከጻፉት ድርሰት ነው። ለሚያርም መምህር በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ድርሰት የልብን ሁሉ ይናገራልን? የሰላም ጓድ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን ገብተው ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምረዋልና፥ ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ተማሪ ለመምህሩ የሚጽፈውና ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው እንደሚለያይ እናውቃለን።

ስለዚህ መጽሐፉ ስለ መምህሩ ኑሮ ሙሉ ምስክር ነው፤ ስለ ተማሪዎቹ ግን ግማሽ ነው። የቀረውን ሊጽፉት የሚችሉ እነርሱ ራሳቸው ናቸው።