የማይጠወልግ አበባ በመስጊድ ግድግዳ ላይ

የአበባ ዕድሜ አጭር ነው። ዛሬ ፈክቶ የዓይን ማረፊያ የሆነው ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠውልጎ ይረግፋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቱርክ የኢዝኒክ ከተማ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች ግን ይህን አላፊ ውበት በእሳት አጽንተው ለእኛ ዘመን አድርሰውታል። ሥራቸውን ስናደንቅ አንድ ጥያቄም እናንሳ። የሚያምር ነገር ሁሉ በየትኛውም ቦታ ያምራልን?

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። ገበታው የሚዘጋጀው በአብዛኛው ኳርትዝ ከተባለ ነጭ ድንጋይ ዱቄት ነው። ከላዩ ነጭ ቅብ ይቀባል፤ አበባው በቀጭን መስመር ተነድፎ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ ይሞላል፤ በመጨረሻም ብርጭቆ በሚመስል ልባስ ተሸፍኖ በእቶን ይተኮሳል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ቀዩ ነበር። ብረት ካለበት አፈር ስለሚሠራና በወፍራሙ ስለሚቀባ በጣት ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ይታወቃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥበቡ ሲዳከም ይህ ቀይ ወደ ቡናማነት ተለወጠ።

ሠዓሊዎቹ ቱሊፑን፣ ጽጌረዳውንና የፕሪሙን አበባ እንዳለ አልገለበጡም። ቅጠሉን እንደ ጩቤ አስረዝመው አጎበጡት፤ ጥላ አልሳሉለትም። አበባውን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በየትኛውም የአትክልት ቦታ አናገኘውም። የሥራቸው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ታላቁ መሐንዲስ ሲናን በኢስታንቡል ከተማ ሁለቱንም መስጊዶች ሠርቷል። በ1557 በተጠናቀቀው ሱለይማንያ ሴራሚኩን በቂብላው ግድግዳ ብቻ ወስኖታል። በ1561 በሞተው በሩስተም ፓሻ ስም በተሠራው መስጊድ ግን ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ ሚሕራቡና የውጭ በረንዳው ሳይቀር በአበባ ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ገበታ ለብቻው ሲታይ ድንቅ ነው። ሁሉም በአንድነት ሲናገሩ ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል።

አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እርሳቸው ራሳቸው ደግሞ ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱን መልሰው ጌጥ የሌለው እንዲመጣላቸው ማዘዛቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። ሁለቱ ትምህርቶች አይጋጩም። ውበት ይወደዳል፤ ቦታና ልክም አለው። እኔ በበኩሌ ለጎብኚ ሩስተም ፓሻን፣ ለሰጋጅ ሱለይማንያን እመርጣለሁ።

ወላጆች ሆይ! ቤታችንን ስናስጌጥም ይህን እናስታውስ። የምንሰግድበትን ማዕዘን ከጌጥ አናጨናንቅ። ልጆቻችንንም በሥዕል ካለው አበባ በፊት ሕያው የሆነውን፣ የሚጠወልገውን እናሳያቸው። አላህ ውበትን ዓይተው ፈጣሪውን ከሚያስታውሱት ያድርገን። አሚን።